«ጠ» ሲጠብቅ

ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ በኋላ በኮምፒዩተር። እሑድ እሑድ ደግሞ ከሜክሲኮ ጀርባ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩት ዕድሩ ስለፈረሰ ነው። ሰፈሩ ለልማት ተፈለገ፤ ስልሳ ሁለት አባወራ ኮዬ፣ ገላንና አራብሳ ተበተነ።

የመጨረሻው ስብሰባችን ንብረት ለማከፋፈል ነበር። ገንዘቡ አላስቸገረም። ወንበሩና ብረት ድስቱ ላይ ዕጣ ተጣጣልን። ድንኳኑ ላይ ስንደርስ ሁሉም ዝም አለ። አንዱ «ይሸጥ» አለ። አንድ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ተነሡና «እናቴን የሸኘሁበትን ድንኳን ለየትኛው ነጋዴ ነው የምትሸጡት?» ብለው መልሰው ተቀመጡ። በዚያው ቀረ፤ እኔ ዘንድ ይቀመጥ ተባለ። ይኸው አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ተጠቅልሎ መንገድ ዘግቷል፤ ጎረቤቶቼም ይነጫነጩብኛል።

ከዚያ አስቀድሞ ለውይይት ተጠርተን ነበር፤ ማን እንደጠራን ይቅር። አዳራሹ ሞልቷል፣ ለስላሳው ተደርድሯል። በየግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ከተጻፈ ግን ሦስት ሳምንት አልፎታል። መቼ እንደምንለቅ ተወያየን። እንልቀቅ ወይስ ሌላ መላ ይኖራል የሚለው ከነጭራሹ አልተነሣም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሕገ መንግሥቱን ገለጥኩ። በ1987 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሰነድ አንቀጽ 43 ላይ የተሻለ ኑሮና ዘላቂ ልማት የሕዝብ መብት ነው ይላል። ቀጥሎም ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ «የመጠየቅ» መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ጠ» ላልታ ከተነበበች ጠያቂው ዜጋው ነው፤ ደጅ ጠንቶ «እባካችሁ ስሙኝ» የሚል። ከጠበቀች ግን ዜጋው ቤቱ ተቀምጦ ይጠየቃል፤ ሄዶ መጠየቁ የመንግሥት ሥራ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ቅጂ የሚያግዘው የጠበቀውን ንባብ ነው፤ አንቀጽ 106 ግን የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና የሚሰጠው ለአማርኛው ነው። እኔ አጥብቄ ነው የማነበው። አንቀጽ 92ም አካባቢን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲሠራም በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን ይስጥ ስለሚል፣ ብቻዬን አይደለሁም።

ሕዝብን መጠየቅ፣ የሰው ደህንነትንና የነገ ልጆችን ጉዳይም በሕግ ወደ መንግሥት ውሳኔ ማስገባት፣ እንግዲህ፣ በሕገ መንግሥቱ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና፣ የጥናቱ ሪፖርትም ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ከፕሮጀክትም አልፎ ፖሊሲና ሕግ ራሳቸው እንዲገመገሙ ይፈልጋል። የመሬት ማስለቀቅና ካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ሰው ይዞታውን ከማስረከቡ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ሊመከር ይገባል ይላል።

በዚሁ አዋጅ ውስጥ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ፤ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሣ። ሕጉ ጉርብትና ዋጋ እንዳለው አምኗል ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። አንዲት እናት መጥተው «ምን ልበልልዎ እትዬ?» ስላቸው በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር፤ ዕድር፣ የማርያም ጽዋ፣ የወር ዕቁብ። ቀጥለው ዝም አሉና «ጠዋት ግድግዳ እየደበደበች ለቡና የምትጠራኝንስ ጻፍካት?» አሉኝ። ጻፍኳት። ማመልከቻ ተቀባዩ ሠራተኛ ያንን አንቀጽ አስወጥቶ በአዲስ ወረቀት እንዳመጣ አዘዘኝ፤ ለቅጹ አይሆንም ብሎ።

ካሣ ጥሩ ነው፤ ግን የሚመጣው ከፈረሰ በኋላ ነው። የሚጎድለን ከመፍረሱ በፊት መጠየቅ ሥራው የሆነ ሰው ይመስለኛል። ዌልስ የምትባለው ትንሽ አገር እ.አ.አ በ2015 የመጪው ትውልድ ደህንነት ሕግ አውጥታ እንዲህ ያለ ኮሚሽነር ሾመች። ኮሚሽነሩ ፕሮጀክት የማገድ ሥልጣን የለውም። ምክር ሲሰጥ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ወይ ይቀበላል፣ አለዚያ ያልተቀበለበትን ምክንያት ለሕዝብ ጽፎ ያወጣል። የመጀመሪያዋ ኮሚሽነር ሶፊ ሃው ኒውፖርት ከተማ አጠገብ ሊሠራ የታቀደውን ትልቅ አውራ ጎዳና ተቃወሙ፤ እ.አ.አ በ2019 የአገሪቱ መሪ ማርክ ድሬክፎርድ በወጪውና በአካባቢው ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሣ ሰረዙት። ሃያ ስድስት ዓመት «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ደብዳቤ ለባለጉዳይ ሳነብ ለኖርኩ ሰው፣ ያስቀናኝ የመንገዱ መሰረዝ ሳይሆን ያ «ምክንያቱን ጽፎ ያወጣል» የሚለው ነው።

ልማት አልጠላም። በ2016 ከሜክሲኮ በሳር ቤት ወደ ወሎ ሰፈር የተሠራው የእግረኛ መንገድ አምሮበታል፤ ማታ ማታ እኔም እሄድበታለሁ። ሜክሲኮ ራሱ ክብ አደባባይ መሆኑ በቀላል ባቡሩ ዘመን ቀርቷል፤ እኛ ግን ዛሬም «አደባባዩ ጋ» እያልን እንቀጣጠራለን። ስሙ የተሰጠው በ1928 ጣልያን ሲወረን በዓለም መንግሥታት ማኅበር ላይ ለተቃወመልን አገር መታሰቢያ ነው። ሜክሲኮ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ እሷ ግን ተናገረች።

ባለፈው ወር የመቶ አለቃው ማረፋቸው ተነገረኝ። ድንኳኑን በአይሱዙ ጭኜ ኮዬ ሄድኩ። ከስልሳ ሁለታችን ዘጠኝ ሆነን ተገኘን። የኮንዶሚኒየሙ ዕድር ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ ጠበቀን። የእኛን ከመኪናው ሳላወርድ ይዤው ተመለስኩ።