ከደመወዝ የሚቀነሰው ግብርና የጡረታ መዋጮ እንዴት ይሰላል?

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ሠራተኛ ወርሃዊ ደመወዝ ከ6 ሺህ 940 ብር ወደ 11 ሺህ 500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው 4 ሺህ 560 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ በሠራተኛው እጅ የሚገባው ግን 3 ሺህ 28 ብር ከ80 ሳንቲም ሲሆን፣ ቀሪው በግብርና በጡረታ መዋጮ ይቀነሳል።

ለስሌቱ መነሻ የሚሆነው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን ለማሻሻል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነው። በነባሩ አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው ወርሃዊ ገቢ 600 ብር ብቻ ሲሆን፣ የኑሮ ውድነቱ እየጨመረ በሄደባቸው ዘጠኝ ዓመታት ሳይነካ ቆይቷል። ማሻሻያው ይህን ወለል ወደ 2 ሺህ ብር አሳድጎታል። ከዚያ በላይ እስከ 4 ሺህ ብር ያለው ገቢ 15 በመቶ፣ እስከ 7 ሺህ 20 በመቶ፣ እስከ 10 ሺህ 25 በመቶ፣ እስከ 14 ሺህ 30 በመቶ፣ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ደመወዙ ወደ ላይኛው ደረጃ የተሸጋገረ ሠራተኛ ከፍተኛው ምጣኔ በሙሉ ደመወዙ ላይ የሚሰላበት ይመስለዋል፤ በዚህም የተነሳ የደረጃ ዕድገት የሚጎዳው መስሎት የሚሰጋ አይጠፋም። ሥጋቱ መሠረት የለውም። ምጣኔው የሚሠራው በየደረጃው ውስጥ በሚወድቀው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ደመወዙ ከ10 ሺህ ወደ 10 ሺህ 100 ብር ያደገ ሠራተኛ 30 በመቶ የሚከፍለው በ100 ብሩ ላይ ነው፤ ከግብሩና ከጡረታ መዋጮው በኋላም 63 ብር ይተርፈዋል።

የሒሳብ ሠራተኞች ሥራውን ለማቃለል «ተቀናሽ» በሚባለው አኃዝ ይጠቀማሉ። ተቀናሹ ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1 ሺህ 350፣ ለ35 በመቶ 2 ሺህ 50 ብር ነው። የ11 ሺህ 500 ብር ደመወዝ በ30 በመቶ ሲባዛ 3 ሺህ 450 ብር ይመጣል፤ 1 ሺህ 350 ሲቀነስለት ግብሩ 2 ሺህ 100 ብር ይሆናል። በቀድሞው ሠንጠረዥ ቢሰላ ኖሮ 2 ሺህ 525 ብር ይደርስ ነበር። እፎይታው ቀላል የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ ጀማሪው ባለሙያ ከከፍተኛው ምጣኔ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ብሎ ሥራ መጀመሩ ልብ ሊባል ይገባል።

የጡረታ መዋጮው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ከሲቪል ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ነው። ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ከደመወዙ ላይ አይነሳም፤ ሁለቱም የሚሰሉት ባልተቀነሰው ደመወዝ ላይ ነው። በመሆኑም ለ11 ሺህ 500 ብር መዋጮው 805 ብር ሲሆን፣ የተጣራው ተከፋይ 8 ሺህ 595 ብር ይሆናል። መዋጮው እንደ ግብሩ ተከፍሎ የሚቀር አይደለም። 10 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሲቪል ሠራተኛ የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1 ነጥብ 25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ሕክምናን በተመለከተ አሠሪው ለሠራተኛው የሚሸፍነው ትክክለኛ የሕክምና ወጪ ከግብር ነፃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድን በአንጻሩ ሌላ ተቀናሽ የሚያስከትል ነበር። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ከሠራተኛውም ከአሠሪውም 3 በመቶ መዋጮ እንዲሰበሰብ ቢወስንም፣ ትግበራው ከሠራተኞች በኩል በተነሣ ቅሬታ ጭምር በተደጋጋሚ ተራዝሟል።