ቀይ ባሕር እንደ ፖለቲካዊ ቀጣና፦ ከመጀመሪያው ሂጅራ እስከ ሐኒሽ የግልግል ዳኝነት

በመድረሳዎቻችንም ሆነ በመስጊዶቻችን ቀይ ባሕር በአብዛኛው የሚነሣው በአንድ ታሪክ ነው፤ ሶሐቦች (ረ.ዐ.) በ615 ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ በተሻገሩበት ሂጅራ። ከዚያ ትምህርቱ ወደ መዲና ይዞራል፤ ባሕሩም ይረሳል። ዛሬ ግን ምእመናን ስለ ወደብ፣ ስለ ጦር ሰፈርና ወደ የመን ሲሻገሩ ስለሰመጡ ልጆቻቸው ይጠይቃሉ። መልስ የሚጠበቅበት መምህርና ኢማም አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ በአንድ ባሕር ዙሪያ ያሉ አገሮች አንድ ቀጣና የሚሆኑት በምንድን ነው? ባሕርን መጋራት ብቻውን ቀጣና አይፈጥርም። ቀጣና የሚጸናው የአንዱ ዳርቻ ሰው በሌላው ዳርቻ መብት እንዳለው ሲታወቅና ይህም መብት ሰሚ ሲያገኝ መሆኑን ይህ ጽሑፍ ያስረዳል። ሂጅሪያ ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልክዓ ምድር የሰጠው

ቀይ ባሕር ረጅምና ጠባብ ነው። ርዝመቱ 2,250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በባብ አል-መንደብ በኩል ሁለቱን ዳርቻዎች የሚለየው ውኃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰሜኑ ክፍል ነፋሱ በአመዛኙ ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ስለሚነፍስ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጡ መርከቦች ጉዞ ብዙ ጊዜ ጂዳ ላይ ያበቃ ነበር። ኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ.) በ26 ዓመተ ሂጅሪያ የመካ ወደብ ያደረጓት ይህችው ጂዳ ናት። ከተሞቹም ፊት ለፊት ይተያያሉ፦ ሱዋኪን ከጂዳ፣ ምጽዋና ዳህላክ ከየመን ቲሃማ፣ ዘይላ ከዐደን ጋር። መልክዓ ምድሩ መገናኘትን አቀለለ፤ የግንኙነቱን ሕግ የሠሩት ግን ሰዎች ናቸው።

የሰዎች ቀጣና

የመጀመሪያው ሂጅራ ከዚህ አንጻር ሲነበብ ጥልቅ ትርጉም ይሰጣል። በኢብን ኢስሓቅ ዘገባ መሠረት ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ፤ ስደተኞቹም እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። በንጉሡ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ጥያቄው ያለ ምርመራ እንዲፈጸም መከሩ። ነጃሺ ግን ስደተኞቹን አስጠርተው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ.) ከሰሙ በኋላ ፈረዱ፤ ስጦታውንም መለሱ። እዚህ ላይ የምናየው የጥገኝነት መብትን፣ የመልእክተኞችን ክብርና የሁለቱን ወገን ቃል መስማትን ነው። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል የተደረገው ይህ ግንኙነት የቆመው በኃይል ላይ ሳይሆን በፍርድ ላይ ነበር።

በኋለኞቹ ዘመናት ግንኙነቱን ሐጅ፣ ንግድና ዒልም አጸኑት። በዳህላክ ከቢር የተገኙት የዐረብኛ የመቃብር ጽሑፎች በደሴቲቱ የነበረውን የሙስሊም ማኅበረሰብ ይመሰክራሉ። ‹‹ነስቡ አር-ራያ››ን የጻፉት የሐዲስ ሊቅ ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ (በ762 ዓመተ ሂጅሪያ ያረፉ) መጠሪያቸው ወደ ዘይላ ይመራል። በአል-አዝሀር የጀበርት ተማሪዎች የራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) የተገኙትም ይህንን ሪዋቅ በሸይኽነት ሲመራ ከኖረ ቤተሰብ ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ ባሕር የባሪያ ንግድም ለብዙ መቶ ዓመታት ተመላልሶበታል፤ መብቱ ያልታወቀለት ሰው እንደ ሸቀጥ ተሻግሯል። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን ያለ ሚዛን ማወደስ አይገባም።

የመንግሥታት ቀጣና

መንግሥታት ባሕሩን እንደ አንድ ግዛት ማየት የሚጀምሩት በአብዛኛው የውጭ አደጋ ሲመጣ ነው። በ1182–83 ሬናልድ ደ ሻቲዮን መርከቦችን በቀይ ባሕር አሰማርቶ የሒጃዝን መንገድ ባሰጋ ጊዜ አይዩቢዎች ከግብፅ የባሕር ኃይል ላኩበት። ፖርቱጋሎች በ1513 ዐደንን፣ በ1517 ጂዳን ካጠቁ በኋላ ዑስማኒዮች ባሕሩን በሁለቱም ዳርቻ ለመያዝ ተነሡ፤ በ1555ም የሐበሽ ኢያለት የተባለውን ግዛት መሠረቱ፤ ምጽዋንም ያዙ። ይህ ግዛት በኋላ ከጂዳ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር መዋሉ ሁለቱ ዳርቻዎች እንደ አንድ ይታዩ እንደነበር ያሳያል።

ይህ አንድነት በ19ኛው ምዕተ ዓመት ፈረሰ። እንግሊዝ በ1839 ዐደንን ያዘች፤ የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ ኢጣሊያ በ1885 ምጽዋ ገባች፤ ፈረንሳይም በኦቦክና በጅቡቲ ሰፈረች። ባሕሩ የዓለም አውራ ጎዳና ሲሆን፣ በዳርቻው ለሚኖሩት ግን ድንበር ሆነባቸው።

ነፃ የወጡት መንግሥታት ቀጣናውን መልሰው ለማቋቋም ሞክረዋል። በ1977 የሰሜንና የደቡብ የመን፣ የሱዳንና የሶማሊያ መሪዎች በተዒዝ ተሰበሰቡ። በ1982 የባሕሩን አካባቢ ከብክለት ለመጠበቅ የክልሉ አገሮች ስምምነት በጂዳ ተፈረመ። በጥር 2020 ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሱዳን፣ የመን፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲና ኤርትራ የቀይ ባሕርና የዐደን ባሕረ ሰላጤ አዋሳኝ አገሮች ምክር ቤትን ቻርተር በሪያድ ፈረሙ።

ከእነዚህ መካከል የ1977ቱና የ2020ው ጥረቶች ዋና መነሻቸው ጸጥታ ነበር። ጸጥታ ተገቢ ፍላጎት ቢሆንም አስቀድሞ የሚጠይቀው ‹‹ማን ይግባ፣ ማን ይቅር?›› ብሎ ነው። ኤርትራ በ1993 ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ የምክር ቤቱ አባል አይደለችም፤ ሆኖም የውጭ ንግዷ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ልጆቿም ባሕሩን ይሻገራሉ። የቀጣናው አባልነት በጠረፍ ብቻ ከተለካ ሕይወታቸው በባሕሩ ላይ የተመሠረተ ብዙ ሰዎች ውጭ ይቀራሉ።

የሐኒሽ ትምህርት

ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳየው የሐኒሽ ደሴቶች ጉዳይ ነው። ኤርትራና የመን በታኅሣሥ 1995 በደሴቶቹ ምክንያት ተዋጉ፤ በ1996 ግን ጉዳያቸውን ለግልግል ዳኞች ለመስጠት ተስማሙ። ዳኞቹ በጥቅምት 1998 ስለ ደሴቶቹ ባለቤትነት፣ በታኅሣሥ 1999 ደግሞ ስለ ባሕር ወሰን ፈረዱ። ዙቀርና ሐኒሽ የየመን፣ ለኤርትራ ጠረፍ የሚቀርቡት አንዳንድ ትናንሽ ደሴቶች ደግሞ የኤርትራ ሆኑ።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ዳኞቹ የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች በነባሩ ልማድ የማጥመድ፣ ወደ ሌላው ወገን ወደብ የመግባትና ዓሣቸውን የመሸጥ መብታቸው ጸንቶ እንዲኖር ወሰኑ። ለዚህም በሁለቱ ዳርቻዎች ለዘመናት የኖረውን የጋራ የሕግ ባህል፣ በተለይም የሰው ልጅ በምድር ላይ የአላህ ኸሊፋ ነው የሚለውን ኢስላማዊ ጽንሰ ሐሳብ ጠቀሱ። ሉዓላዊነት ለአንዱ ተሰጠ፤ መተዳደሪያ ግን የሁለቱም ሆኖ ቀረ።

ይህ አስተሳሰብ ለፊቅህ ተማሪ አዲስ አይደለም። ኸሊፋነት በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 30 የተመሠረተ ነው፤ የባሕር አደን ለነዋሪውም ለመንገደኛውም መጠቀሚያ መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 96 ተገልጿል። ውኃን፣ ግጦሽንና እሳትን የጋራ የሚያደርገው ሐዲስ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ፉቀሃእም በባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ እስኪያዝ ድረስ የማንም ንብረት አለመሆኑን፣ ሳይያዝም መሸጡ አለመፈቀዱን አስተምረዋል። በእርግጥ ፍርዱ በተግባር ሁልጊዜ አልተከበረም፤ ተይዘው የሚታሰሩ ዓሣ አጥማጆች አሉ። ሆኖም የታሰረው ሰው መብት በጽሑፍ መስፈሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚጠቅሰው ማስረጃ አለውና።

ከመምህራንና ከኢማሞች የሚጠበቀው

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል። አንደኛ፣ የሐበሻ ሂጅራ ሲሰጥ የነጃሺ ደግነት ብቻ ሳይሆን የፍርዳቸው ሥርዓትም ይሰጥ፤ ተማሪው መስማት ከመፍረድ እንደሚቀድም ይማርበታል። ሁለተኛ፣ ስለ ባሕርና ወደብ በሚንበር ላይ ሲነገር የጎረቤት ሕዝብ መብት አይዘንጋ። በማዶው ዳርቻ ያለው ዓሣ አጥማጅና ነጋዴ ኢስላም ሐቅ የሰጠው ጎረቤት ነው፤ ፉክክርን ብቻ የሚሰብክ ኹጥባ ይህንን ሐቅ ያስረሳል። ሦስተኛ፣ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ በሕገ ወጥ ደላሎች እጅ ስለሚጓዙ ወጣቶች ስንናገር ‹‹አትሂዱ›› ብሎ ማስጠንቀቅ ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። የጥገኝነትና የመንገደኛ መብት በሸሪዓ ያለውን ስፍራ ማስተማር፣ በማዶ ያሉ ዑለማም ስለ እነርሱ እንዲናገሩ መልእክት ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

መንግሥታት ቻርተር ይፈርማሉ፤ ያፈርሳሉም። በሁለቱ ዳርቻዎች ሕዝብ ልብ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ሐቅ እንዳለው ያለውን እምነት ግን ማንም በፊርማ አይሰጥም፤ በትምህርት ይጸናል፤ ካልተስተማረ ደግሞ ይጠፋል። ወላሁ አዕለም።