የሊጥ ማቡኪያ በዋት ብቻ አይመረጥም

ድፎ ዳቦ ከእሳቱ ይልቅ ማቡካቱ ጉልበት ይፈልጋል። በነፋስ መውጫና በሌሎች የጋይንት ከተሞች ቁርጥማት ለጸናባቸው እናቶች፣ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቡኪያ ሊገዙ ሲነሱ ቀድሞ የሚነገራቸው ዋቱ ነው። ይሁን እንጂ ዋት ሞተሩ የሚወስደውን ኃይል እንጂ ሊጡ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት አያመለክትም። መጠየቅ ያለበት መመሪያው በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደሚፈቅድ ነው። ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ይግላል፣ ጥርሱም ያልቃል።

ጣቱ አልታጠፍ ላለው ሰው ሁለተኛው መመዘኛ አያያዙ ነው። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። የአንደኛው ራስ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሳህኑ ግን በአብዛኛው ተጠምዝዞ ስለሚታሰር የታመመ አውራ ጣትን ያሠቃያል። የሁለተኛው ሳህን በማንሻ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። በሁለቱም እጀታ ያለው ሳህን ይመረጣል። ማሽኑ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል ቋሚ ቦታ ይፈልጋል።

ከአሜሪካ የሚላከው በ120 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል፤ ስለዚህ የትራንስፎርመሩ ዋጋም አብሮ መታሰብ አለበት።

ነጋዴው ዕቃውን ከካርቶን አውጥቶ ገዢው ሳህኑን አስሮ ፈትቶ እንዲሞክር ቢፈቅድ፣ የሚመለስ ዕቃ ይቀንስለታል። መለዋወጫ ጥርስ አብሮ ያላስመጣ አስመጪ ግን ደንበኛውን የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።