ብርድና ኢንዛይም፤ በቃሊቲ ከሚቀመጠው የኮርማ ዘር አንጻር

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ የሚወርድ መንገደኛ፣ ፋብሪካውና የጭነት መኪናው ሰልፍ ዓይኑን ስለሚይዘው፣ ቀድሞ የብሔራዊ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል ይባል የነበረው ተቋም በዚያ አቅጣጫ መኖሩን ልብ ሳይል ያልፋል፤ ዳሩ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተቋቋመው ይህ ማዕከል የሆልስታይንን፣ የጀርሲንና የቦረናን ኮርማ ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን አኑሮ ለየክፍለ ሀገሩ ሲያድል የኖረ ስለሆነ፣ ብርድ በሕያው ህዋስ ላይ የሚያደርገውን ለሚመረምር ሰው ከዚህ የቀረበ አስረጅ አይገኝም።

የህዋስ ግብር በኢንዛይም የሚፈጸም እንደ መሆኑ፣ ብዙዎች ብርድ ኢንዛይምን ይገድላል ይላሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ብርድ ሥራውን ያዘገያል እንጂ ባሕርዩን በአመዛኙ አይለውጥም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከበረዶው ነው። ፈሳሹ ሲረጋ ንጹሑ ውሃ ብቻ ተለይቶ ስለሚጠጥር፣ የተረፈው ፈሳሽ ጨው ይበዛበታል፣ የአሲድነቱም ሚዛን ይናጋል፤ እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ በ1953 ቀይ የደም ህዋስ ሲቀዘቅዝ የሚፈርሰው በዚሁ ጨው መሆኑን አስረድቷል። እንደ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ ያሉ፣ ከአራት ክፍል የተገጣጠሙ ኢንዛይሞችም በዚህ መካከል ተለያይተው ኃይላቸውን ያጣሉ። የሚያስደንቀው፣ ብርዱ ከዜሮ በታች በጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ ኢንዛይሙና የሚሠራበት ነገር በጠባቡ ፈሳሽ ተጨናንቀው ስለሚገናኙ፣ አንዳንዱ ሥራ እንዲያውም ይፈጥናል።

ከዚህ የከፋው ግን በረዶው የህዋሱን ሽፋን ሲቀድ ነው፤ ያን ጊዜ ኢንዛይሙ ሳይሞት ከቦታው ይሰደዳል። በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚኖር አንድ ኢንዛይም በሥጋ ጭማቂ ውስጥ በዝቶ ሲገኝ፣ ትኩስ ተብሎ የቀረበው ሥጋ ቀድሞ ቀዝቅዞ የቀለጠ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በኮርማው ዘርም እንዲሁ ነው። የሴቷን እንቁላል ሽፋን የሚከፍቱት አክሮሲንና ሃያሉሮኒዴዝ በዘሩ ራስ ላይ፣ አክሮሶም በሚባለው ከረጢት ተከማችተዋል፤ ከረጢቱ ያለጊዜው ከተቀደደ፣ ዘሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እየዋኘ እንኳ መፀነስ የማያስችል ይሆናል፤ ስለዚህ በእንቅስቃሴ ብቻ ፈርዶ ደኅና ነው ማለት በቂ አይመስለኝም። መድኃኒቱን በ1949 ያገኙት ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ ናቸው፤ ግሊሰሮል ተጨምሮበት የቀዘቀዘ የዶሮ ዘር ከቀለጠ በኋላ ሕያው ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የኮርማ ዘር ከግሊሰሮልና ከእንቁላል አስኳል ጋር ተዋሕዶ በቀጭን ስትሮ ይሞላል፤ አዳቃዩም ለብ ባለ ውሃ ፈጥኖ ያቀልጠዋል፤ አንድ ጊዜ የቀለጠውም ወደ ናይትሮጅኑ አይመለስም።