ግንበኛ የሌለው ሕንፃ

ድንጋይና ጭቃ ባንድ ሜዳ ላይ ቢከመሩ፤ ግንበኛ እጁን ካላገባበት በቀር ዓመት ቢቆዩም ቤት አይሆኑም። በሕያዋን ፍጥረታት አካል ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ክፍሎች ራሳቸው ተገጣጥመው ሕንፃ ይሆናሉና።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የትምባሆን ቅጠል ዥጉርጉር የሚያደርገው ቫይረስ ነው። ቅርጹ እንደ ዘንግ ነው፤ 3,300 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚህች ትንሽ ዘንግ ላይ ግን 2,130 ያህል የፕሮቲን ጡቦች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደርድረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓ/ም፤ በካሊፎርኒያ፤ ፍሬንክል ኮንራትና ዊልያምስ የተባሉ ሊቃውንት ፕሮቲኑንና በውስጡ ያለውን የዘር ክር ለያይተው እንደገና ቢቀላቅሏቸው፤ ዘንጎቹ ተመልሰው ተሠሩ፤ ቅጠሉንም እንደ ቀድሞው አሳመሙ።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ቢባል፤ ክፍሎቹ በሙቀት ኀይል ያለ ዕረፍት ይጋጫሉ፤ የሚስማማው ይያያዛል፤ የማይስማማው ይላቀቃል። ውሃም ያግዛል። በእንቁላል አስኳል የሚገኘው ሌሲቲን የተባለው ስብ ራሱ ውሃን ይወዳል፤ ጅራቱ ግን ይሸሻል። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ጅራት ከጅራት ተደባብቆ ድርብ ስስ ሽፋን ይሆናል፤ ተጠቅልሎም ከረጢት ይሠራል። ይህንንም እንግሊዛዊው ባንጋም ከባልደረባው ከሆርን ጋር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ በ1964 ዓ/ም አስታወቀ።

ነገር ግን መገጣጠም ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ደማችንን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን የሚሸከመው በየግሉ ሆኖ ነው። ከሁለት ዓይነት ሰንሰለቶቹ አንደኛው 146 ቀለበቶች አሉት። ኢንግራም የተባለው ሊቅ በ1957 ዓ/ም በካምብሪጅ እንዳሳየው፤ ከነዚህ አንዱ ብቻ ሲለወጥ ከባድ በሽታ ይመጣል። ኦክሲጅኑን ያራገፈው ሄሞግሎቢን እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ገመድ ይረዝማል፤ ክቡ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ ቀጭኑም የደም ሥር ይደፈናል። ከእናትም ከአባትም ይህን የወረሰ ልጅ በብርቱ ሕመም ይሠቃያል። በሽታውም ከሁሉ ይልቅ በአፍሪካ ብዙ ሕፃናትን ይጎዳል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ኅብረትን ስናመሰግን ኖረናል። እዚህ ግን ያበረው ድር የገዛ ባለቤቱን ሲያስር እናያለን። ዛሬ ሐኪሞች የሚያዝዙት ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው መድኃኒት፤ በፅንስነት ጊዜ የነበረውን የሄሞግሎቢን ዓይነት እንደገና በማብዛት የዚህን ድር መገመድ ያዳክማል። እንግዲህ ሕንፃው እንዴት እንደሚገጣጠም መመርመር የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የታመመውን ልጅ ሥቃይ የሚያቀልበት መንገድ የሚገኘው ከዚያው ነው።