ሕያው እርጎ

ሐዋሳ ላይ በታጠነ ቅል የተቀመጠ ጥሬ ወተት ማንም ምንም ሳይጨምርበት ይረጋል። ሥራውን የሚሠሩት ከላሟ ጡት፣ ከአላቢው እጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዕቃው ግድግዳ የሚመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እንደ ላክቶኮከስና ላክቶባሲለስ ያሉት የወተቱን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ሲበዛ ወተቱ ይረጋል፣ ይጎመዝዛልም።

ትኩስ ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋ ሰው እርጎ የሚስማማው በዚሁ ምክንያት ነው። ከላክቶሱ ከፊሉ አስቀድሞ ተበልቷል፤ የቀረውን ደግሞ ለመፍጨት ባክቴሪያዎቹ ይዘውት የሚገቡት ኢንዛይም አንጀት ውስጥ ያግዛል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ሕያው ባክቴሪያ ላለው እርጎ ይህን ጥቅም ተቀብሏል። ስለ ፕሮባዮቲክ የቀረቡለት ሌሎች ብዙ የጤና ጥቅሞች ግን ማስረጃቸው አልበቃውም። እኔም ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ፕሮባዮቲክ የሚባለው ማንነቱ ተለይቶ የታወቀ፣ በበቂ መጠን ሲወሰድም ጤናን እንደሚጠቅም በጥናት የታየ ሕያው ተሕዋስ ነው። የቤታችን እርጎ ግን ከቅል ቅል ይለያያል፤ በአንዱ ቤት የሚበዛው ባክቴሪያ በሌላው ላይገኝ ይችላል።

ጠቃሚው ባክቴሪያ በሚገባበት በር ክፉውም ይገባል። በቀድሞው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ሞገሴ አሸናፊ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ወተት እርጎ እስኪሆን ምን እንደሚገጥመው መርምረዋል። አሲዱ ገና ሳይበረታ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ጎጂ ተሕዋስያን የመራባት ዕድል አላቸው። በጥሬ ወተት የሚተላለፉት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳም ወተቱ ስለጎመዘዘ ብቻ ይጠፋሉ ማለት አይቻልም። በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አይብስ? እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አረራ እሳት ላይ ሲሞቅ ከባክቴሪያዎቹ ብዙዎቹ ያልቃሉ። ገበያ ላይ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በሚሸጠው አይብ ውስጥ የሚገኙት ተሕዋስያን እንግዲህ አብዛኞቹ ከእሳቱ በኋላ ከእጅ፣ ከዕቃና ከቅጠል የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አይብን በአንጀት ጠቃሚነቱ ከእርጎ እኩል ማየት አያስኬድም። ፕሮቲኑ ግን አለ።

የጥሬ ወተቱን አደጋ ለማስወገድ ወተቱ ሲፈላ ጎጂውም ጠቃሚውም በአብዛኛው አብረው ይሞታሉ፤ የፈላ ወተት በራሱ አልረጋ ብሎ የሚበላሸው ለዚህ ነው። መፍትሔው እርሾ ነው። ወተቱን አፍልቶ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ከፈላ ወተት ከተሠራ ጥሩ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ በንጹሕ ዕቃ ከድኖ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ። የወይራ ጭስ መዓዛ የሚወድ ዕቃውን አስቀድሞ ማጠን ይችላል፤ ጭሱ ዕቃው ላይ የቀሩ ተሕዋስያንንም ይቀንሳል። ሲረጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፣ ለሚቀጥለው እርሾም ማንም ሳይቀምሰው በንጹሕ ማንኪያ ይቀነስለት።