አንድ ቀበሌ፣ ብዙ ፕሮግራም

ሴፍቲኔት የሚባለው የድጋፍ ፕሮግራም ባለበት ወረዳ የምትኖር አንዲት እናት ዓመቱን እንዴት እንደምታሳልፍ እንመልከት። ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ቤተሰቧ ከጎረቤቶች ጋር እየወጣ እርከን ይሠራል። በመሀሉ እሷ ጨቅላዋን አዝላ ለክትባት ጤና ኬላ ትሄዳለች። የጤና መድን መዋጮዋን ከፍላ መታወቂያዋን ታሳድሳለች። ትልቁ ልጇ፣ ትምህርት ቤቱ ምገባ ካለው፣ ምሳውን እዚያው ይበላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ችግኝ ተከላ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተነደፉ ናቸው፤ በጀታቸውም፣ ሪፖርታቸውም፣ ስብሰባቸውም ለየብቻ ነው። ቀበሌ ሲደርሱ ግን ሁሉም የሚያንኳኩት ያንኑ በር ነው። ይዘዋቸው የሚመጡትም ሰዎች ጥቂት ናቸው፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው፣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ ርእሰ መምህሩ።

ስለ ፕሮግራም ሲወራ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው አጀማመሩን ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ የተጠቃሚው ቁጥር በዜና ይነገራል። እኔ ግን አንድን ፕሮግራም በደንብ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አጨራረሱን ይጠይቅ እላለሁ። ሥራው አልቆ ነው የሚያበቃው ወይስ ገንዘቡ አልቆ? ወይስ እንደ ትምህርት ቤት የአገር ቋሚ ንብረት ሆኖ ይቀራል?

ሥራው አልቆ ያበቃ ፕሮግራም ብርቅ ነው፤ አገራችን ግን አንድ አላት። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከብዙ አገሮች ዘግይቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ መኪና በማይገባበት አገር በእግርና በበቅሎ ዞሩ፤ ኋላ ላይ ሄሊኮፕተር ተጨመረላቸው። በእጃቸው የያዙት መሣሪያ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀ ትንሽ መርፌ ነበረች። በሁለቱ ጫፎች መካከል አንዲት ጠብታ ክትባት ትይዝና ክንድ ላይ ቶሎ ቶሎ ትወጋለች። ብልሃቱ ሕዝቡን በሙሉ መከተብ አልነበረም። በሽተኛ ያለበትን መንደር ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም በዙሪያው ያለውን ሰው ፈጥኖ መከተብ ነበር። ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን የመከተብ የቆየ ልማድ በአንዳንድ አካባቢ ስለነበረ፣ በሽታው ጠፋ ሲባል ተመልሶ የሚነሣበት ጊዜም ነበር። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ፤ ዛሬ ሕፃናት በመደበኛነት ከሚወስዷቸው ክትባቶች መካከል የፈንጣጣ ክትባት የለም።

ለዚህ ድል የረዳው አንድ ነገር ነበር፦ ግቡ ግልጽና የሚቆጠር ነበር። የቀረ በሽተኛ አለ ወይስ የለም? መልሱ «የለም» ሲሆን ሥራው ያልቃል። ድህነትና ማይምነት እንዲህ አይደሉም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ከዩኔስኮ በኩልም ሽልማት አስገኝቷል። ፊደል ግን የሚነበብ ነገር ካላገኘ ይረሳል። ዘመቻው ሲቀዘቅዝ ጋዜጣም መጽሐፍም ያልደረሰው ብዙ ጎልማሳ ተመልሶ በጣት አሻራ ወደ መፈረም ሄደ።

ሴፍቲኔት፣ በሙሉ ስሙ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ የተወለደው እንዲህ «አለቀ» ሊባል ከማይችል ችግር፣ ከድህነት ነው። እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ የነበረው አሠራር እንዲህ ነበር፦ ዝናብ ይቀራል፣ መንግሥት የተራበውን ቆጥሮ ለዓለም ይጣራል፣ ለጋሾች ቃል ይገባሉ፣ እህሉ ወደብ ደርሶ እስኪጓጓዝ ወራት ያልፋሉ። በዚያ መሀል ገበሬው በሬውን ይሸጣል። በሬው ከተሸጠ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢመጣም ማረሻው አይወጣም። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሲሆን፣ ከነዚህ ውስጥ ሚሊዮኖቹ በደህናው ዓመትም ቢሆን ከመከር እስከ መከር የማይደርስላቸው መሆናቸው ለሁሉም ግልጽ ሆነ። የእነዚህ ሰዎች ረሃብ ድንገተኛ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡም አስቀድሞ ሊያዝ ይችላል። የፕሮግራሙ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ከአምስት ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ጋር ተጀምሮ ኋላ ከሰባት ሚሊዮን በላይ አቅፏል።

አሠራሩ በዓመት ለስድስት ወር ያህል ይዘልቃል። ጉልበት ያለው ቤተሰብ ለአንድ አባል በወር አምስት ቀን ታስቦ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፦ እርከን፣ የውኃ ማቆሪያ፣ የገጠር መንገድ፣ የመማሪያ ክፍል፣ ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ተራራ። በምትኩ ለእያንዳንዱ አባል በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ያንን ሊገዛ ይችላል የተባለ ጥሬ ገንዘብ ይከፈለዋል። አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛው፣ የሚሠራ ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ያለ ሥራ ይቀበላል፤ ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ነፍሰ ጡርም ከጉልበት ሥራው ታርፋለች። በሥራ ዘመኑ መጨረሻ ተራራውን ቀና ብሎ ያየ ሰው በትከሻው ላይ እንደ ደረጃ የወጣውን የድንጋይ መሥመር ያያል። አፈሩ ከታች ማሳ ላይ ቀርቷል፣ ምንጩም ከበፊቱ ዘለግ ላለ ጊዜ ይፈስሳል።

በእኔ ዓይን ግን የፕሮግራሙ ልብ ያለው አመራረጡ ላይ ነው። በደንቡ መሠረት ተጠቃሚ የሚሆነው በተከታታይ ሦስት ዓመት ቢያንስ የሦስት ወር የምግብ ክፍተት የገጠመው ቤተሰብ ነው። ይህን አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ማወቅ አይቻልም። ጎረቤት ግን ያውቃል፤ የማን ጎተራ በየካቲት እንደሚራቆት፣ የማን ልጅ ከከተማ ብር እንደሚልክ ያውቃል። ስለዚህ ከመንደሩ የተመረጠ ኮሚቴ ስም ያወጣል፣ ዝርዝሩ በስብሰባ ላይ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ቅር ያለው ደግሞ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ስም በአደባባይ በሚነበብበት ቦታ ዘመድን ደብቆ ማስገባት ያስፈራል። ንባቡ በቀረበት፣ ዝርዝሩም በሹም ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ በተቆለፈበት ቦታ ግን ፕሮግራሙ ከፕሮግራምነት ወጥቶ የሹመኛ ችሮታ ይሆናል።

ሌላው ችግር ኮታው ነው። ለቀበሌው የተመደበው ቁጥር ከተቸገረው ሕዝብ ሲያንስ፣ ኮሚቴው ማንንም ባዶ እጁን ላለመስደድ ሲል ሰባት ነፍስ ላለበት ቤት የሦስት ሰው ድርሻ ይጽፋል። በጎ ሐሳብ ነው፤ ውጤቱ ግን ማንም ከችግር አለመውጣቱ ነው። ክፍያው የዘገየ እንደሆነም በሬን ከመሸጥ ያድናል የተባለው ገንዘብ በሬው ከተሸጠ በኋላ ይደርሳል። ከፕሮግራሙ ራሱን ችሎ መውጣት «ምረቃ» ይባላል። በየወረዳው የምረቃ ቁጥር ተጠይቋል፣ ሪፖርትም ተደርጓል። ነገር ግን በቁጥር ግፊት የተመረቀ ሰው ድርቅ በተመለሰ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ጊዜያዊ ተብሎ የተጀመረው ሴፍቲኔት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያለፈው ለዚህ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋንና የክልል ዋና ከተሞችን ይዞ የከተማ ሴፍቲኔት ተጨምሮበታል። ይህን እንደ ውድቀት የሚያዩት አሉ። እኔ አላይም። ሽማግሌና አካል ጉዳተኛ «አይመረቁም»፤ ለእነሱ የሚያስፈልገው በሕግና በመንግሥት በጀት የቆመ ቋሚ ድጋፍ ነው።

ወደ ቋሚነት የተሸጋገረውን ለማየት ወደ ጤና ኬላው እንግባ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። አብዛኛው ሕመም መከላከል የሚቻል ነው፤ ሐኪም ገጠር እስኪደርስ ከመጠበቅ ይልቅ የገጠሯን ልጅ ማሠልጠን ይሻላል። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ተመለመሉ። አንድ ዓመት ተምረው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ለ5 ሺህ ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ ለአምስት ጤና ኬላ አንድ ጤና ጣቢያ ተባለ። ሥራቸው በ16 ጥቅሎች ተዘረዘረ፤ ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ወሊድ ክትትል፣ ከወባ እስከ ሕፃናት አመጋገብ። በሰባት ዓመት ገደማ ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ ደግሞ ደመወዛቸው ነው፦ በጎ ፈቃደኛ አልተባሉም፣ በፕሮጀክት ኮንትራትም አልተያዙም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኑ።

ጤና ኬላው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ክፍል ያላት ቤት ነች። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሣለ የቀበሌው ካርታና የክትባት ሰንጠረዥ ይለጠፋል። መደርደሪያው ላይ የቤተሰብ ማህደሮች በየጎጡ ተደርድረዋል፤ ለአንድ ቤት አንድ ማህደር። ማህደሩ ሲከፈት የቤቱ ታሪክ ይነበባል፦ መጸዳጃ አላቸው? አጎበር? እናት ስንተኛ ወሯ ነው? ሕፃኑ የቀረው ክትባት አለ? ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቆየት ስላለበት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ጤና ኬላ በበረዶ በታሸገ ሳጥን ከጤና ጣቢያ ይመጣል። የሕፃን ክንድ የሚለካባት ባለ ቀለም ጥብጣብም አለች። አረንጓዴው ላይ ካረፈ ደህና ነው፣ ቢጫው ያሳስባል፤ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ወርዶ ቀዩ ላይ ከወደቀ ሕፃኑ በጽኑ የምግብ እጥረት ተይዟል፣ ሕክምናም ዛሬውኑ ይጀመርለታል።

ውጤቱ በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ላይ ይታያል። በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። በጤና ተቋም መውለድ በዚያው ዘመን ከመቶ 5 ወደ 48 ወጥቷል። ይህ ሁሉ የአንድ ፕሮግራም ፍሬ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ መንገዱም፣ የልጃገረዶች ትምህርትም፣ አዳዲሶቹ ክትባቶችም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ክትባቱን በእግሯ ወስዳ ያደረሰችው፣ ነፍሰ ጡሯንም ቤቷ ድረስ ሄዳ ያሳመነችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

ደመወዟ ከመንግሥት ግምጃ ቤት መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ በጥር 2017 ዓ.ም. ታየ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን በማግሥቱም ጤና ኬላዋን ከፈተች።

በዚህ ጽናቷ ምክንያት ነው ሁሉም ወደ እሷ የሚመጣው። ጥቅሎቹ 16 ሆነው አልቀሩም። የሳንባ ምች ሕክምና መጣ፣ በክንድ ሥር የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ መጣ። የኩፍኝና የፖሊዮ ዘመቻ በየጊዜው አለ። የጤና መድን አባል እንድትመዘግብ፣ ስብሰባ እንድትጠራ፣ ቁጥር እንድትሞላ ትጠየቃለች፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን መዝገብና ቅጽ ይዞ ይመጣል። በአሥረኛ ክፍል የተቀጠረችው ልጅ አሁን የልጆች እናት ናት፤ ከአንድ ጎጥ ወደ ሌላው ሰዓታት በእግሯ ትሄዳለች፣ የምትኖርበት ቤትም ብዙ ጊዜ ኪራይ ነው። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ደግሞ የተዘረፉና የፈራረሱ ጤና ኬላዎች አሉ። ጤና ሚኒስቴር ጫናውን ተረድቶ የ15 ዓመት ፍኖተ ካርታ አውጥቷል፤ አዋላጅና ነርስ የሚጨመሩባቸው ሰፋ ያሉ ጤና ኬላዎችንም አቅዷል። መንገዱ ትክክል ነው፤ ፍጥነቱ ግን ከሥራዋ ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት።

አዲስ ፕሮግራም ለምትነድፉ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በእርዳታ ድርጅት ለምትሠሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከተጠቃሚው ቁጥር በፊት፣ ሁለት ነገር ጻፉ፦ በቀበሌ ይህን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነና ከያዘው ሥራ የትኛውን እንደምትቀንሱለት፤ እንዲሁም ገንዘባችሁ ሲያልቅ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል። እነዚህን ሁለቱን መመለስ ካልቻላችሁ ፕሮግራሙን አትጀምሩት።